ሙአዊያ የዳነበት ቅዳሜ

በዚህ ወሬ ውስጥ አንዲት ጠብታ ውሸት ካለች ጣና አፉን ከፍቶ ይዋጠኝ! ያላመነ የባሕር ዳርን ሰው ይጠይቅ፤ ግማሹ ገመድ ጎትቷል፣ ግማሹ ቆሞ አጨብጭቧል።

ሙአዊያ የወረታው እህል ነጋዴ የሐጂ ሙሀመድአወል ልጅ ነው። ሥራው በሐይቁ ዳር ያሉ አእዋፍን መቁጠር ነው። አባቱ ነገሩ እስከ ዛሬ አልተዋጠላቸውም። «የማትሸጠውን ነገር ስንት ዓመት ትቆጥራለህ?» ይሉታል። እሱ ግን ይቆጥራል፤ ይልቁንም ያቺን ራሷ ላይ የወርቅ አክሊል የደፋችውን ባለ ረጅም እግር ወፍ። ሥራ በጀመረ ዓመት በእሱ ረግረግ አሥራ አንድ ጎጆ ነበረ። ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ሦስት፣ ዘንድሮ አንድ። እሷም ሁለት እንቁላል ይዛ፣ እምቦጭና ሣር ተጠላልፈው በሠሩት ተንሳፋፊ ምንጣፍ ላይ ነበረች። እነዚያ እንቁላሎች ካልተፈለፈሉ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ዜሮ ነው።

ያን ቅዳሜ እንቁላሎቹን ሊያይ ምንጣፉ ላይ ወጣ። ውፍረቱ ሰው ቀርቶ የተጫነ አህያ ይችላል። ጎንበስ ብሎ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከሰሜን የመጣ ነፋስ ምንጣፉን ከዳር ገንጥሎ ወሰደው። ቀና ሲል መሬት የለም!

ወደ ቢሮ ደወለ፤ ባልደረባው ሰሚሐ አነሳች።

«ሰሚሐ፣ እየሄድሁ ነው!»

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጀልባ ላኩልኝ!»

«ጀልባውስ አለ። ነዳጅ የሚፈርመው ሰውዬ ነው ስልጠና የሄደው። እስከ ማክሰኞ ትችላለህ?»

አንድ ጉማሬ ብቅ ብሎ አየው፤ የሰው ነገር ገርሞት ተመልሶ ጠለቀ። ወፏ ከላይ ስትዞር ቆይታ ወረደችና እንቁላሎቿን ታቀፈች። ሙአዊያን ከካስማ አልለየችውም።

ከደቅ ደሴት ዓሣ ጭነው የሚመጡት ሽማግሌው አያ ክንዱ በታንኳቸው ተጠጉ።

«አንተ ሙአዊያ! ደሴት ገዛህ እንዴ?»

«አያ ክንዱ፣ እባክዎ ይጎትቱን! ምንጣፉ ከማዶ ደንገሉ ውስጥ ቢሸጎጥ ይበቃል!»

«በደንገል ታንኳ ይህን? በሬን በድር ጎትት በለኝ እንጂ! ይልቅ ዝለልና ግባ።»

«እንቁላሎቹስ?»

«ወይ ጉድ! በወፍ እንቁላል ሰበብ አባትህ ድንኳን ይትከሉ?»

አልዘለለም። ነፋሱ ወደ ደንገሉ እየገፋ ነበርና፣ ጥቂት ቢታገሡ ወፏም እሱም ይደርሳሉ ብሎ ነው። አያ ክንዱ እየተሳደቡ ሄዱ።

ምን ያደርጋል! ያን ቀን ከተማው ለእምቦጭ ነቀላ ወጥቷል፤ የየቢሮው ሠራተኛ አዲስ ኮፍያ አድርጎ ዳር ዳሩን ሞልቶታል። ምንጣፉም ወደ ደንገሉ ሲሄድ በፊታቸው ማለፍ ጀመረ።

«ሰው! ሰው በእምቦጭ ላይ!» አለች የሺአረግ የምትባል የዘመቻው አስተባባሪ።

ገመድ ተወረወረ። ጉልበተኞቹ ዋኝተው ምንጣፉን አሰሩ።

«አትጎትቱ! በፈጠራችሁ ልቀቁን!»

«ደንግጦ ነው፣ ይዘላብዳል» ተባባሉ።

«አይዞህ የኔ ወንድም! ሳናወጣህ አንሄድም!» አለች የሺአረግ፤ እንባዋም መጣ። አምስት መቶ ሰው እየዘፈነ ጎተተ። ምንጣፉ ዳር ሲነካ ወፏ ደንብራ ተነሳች፤ ሙአዊያ ጎጆው ላይ ሊተኛበት ቃጣ፤ አራት ሰው ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ አወጣው። መንሽ የያዘው ሁሉ እምቦጩ ላይ ሰፈረ። አንዱ እንቁላል በቦቲ ጫማ ሥር ተሰበረ፤ ሌላው ከነክምሩ ተዝቆ ሄደ።

«እንቁላሉን! እንቁላሉን!» ይጮኻል ከላይ ሆኖ።

«ርቦታል ምስኪን!» ተባለ። ቅቅል የምትሸጥ ሴትዮ ተጠርታ ሁለት እንቁላል ልጣ፣ ሚጥሚጣ ነስንሳ በእጁ አስያዘችው። ሁሉም እስኪበላ ይጠብቀዋል። ምን ይበላቸው? በላ።

መዝገቡ ላይ «ጎጆው የጠፋበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፦ ጎርፍ፣ እሳት፣ አውሬ፣ ያልታወቀ። እሱ ባይኖርበት ምንጣፉን ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? እያለፈ ደንገሉ ውስጥ ይገባ ነበር። «ቆጣሪው ስለዳነ» የሚል ምርጫ የለም። ደግ ሥራ በሠራ ሰው ላይስ ምን ተብሎ ይጻፋል? ዜሮዋን ጻፈ፤ ምክንያቱን ባዶ ተወው። ወፏም ሁለት ጊዜ ዞራ ወደ ደቅ በረረች።

እንግዲህ አንዲቱን ነገር ፈጥሬያለሁ፤ ወደ ደቅ በረረች ያልሁትን። የትም አልሄደችም። ሰዉ ሲበተን ወርዳ፣ ምንጣፉ የተጎተተበት ጭቃ ላይ ቆመች። ሙአዊያ እጁን እያወናጨፈ ሊሸኛት ሞከረ፤ እምቢ አለች። ያበረርኋት እኔ ነኝ።