ሞተሩ እንዳይጠፋ

የሙሽራዋ አባት «ልጄን በገዛ መኪናዬ ማዘጋጃ ቤት ካላደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ» ብሎ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ምሏል። መኪናው ግን አልማለም። በሠርጉ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞረው ጠቅ አለና እንዳኮረፈ ባል ጭጭ አለ።

«ባትሪ ጨርሷል» አለ የሚስቱ ወንድም፣ በዕድሜው አንድ ራዲዮ ጠግኖ እሱንም እስከ ወዲያኛው ዝም ያሰኘ ሰው።

«የመኪናው ነው የባለቤቱ?» አለች ሚስት በመስኮት ብቅ ብላ። ግማሽ ፀጉሯ ተተኩሷል፣ ግማሹ ገና ቆሟል።

ጎረቤት የራሱን መኪና አስጠግቶ በኬብል አስነሣላቸው። የሚስት ወንድም ሞተሩን ራሱ የወለደው ይመስል እጁን አራገፈ። አባት ግን ነገሩ አልጣመውም። ባትሪው ገና አዲስ ነው። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር አምጥቶ ኮፈኑ ሥር አጎነበሰና ሁለቱን ሽቦዎች በባትሪው ጫፎች ላይ አስነካ። ሞተር ሲነሣ ቁጥሩ ወደ አሥራ አራት ቮልት መውጣት ነበረበት። እሱ ግን አሥራ ሁለት ላይ ሆኖ ይባስ ብሎ ቁልቁል ይንፏቀቃል። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አየ፤ አልላላም፣ አልተበጠሰም። እንግዲህ ባትሪውን መመገብ የተወው ዲናሞው ነው።

«ባትሪው ምን ያድርግ?» አለ አባት ቀና ብሎ። «ሲሰጥ እንጂ ሲቀበል አያውቅም። ልክ እንደኔ።»

«በል ታክሲ ጥራ» አለች ሚስት።

«ታክሲ!» እናቱን የሰደቡበት ያህል ቆጣ አለ። «ባትሪው ባለው ያደርሰናል። ሞተሩ ብቻ እንዳይጠፋ።»

ኤሌክትሪክ የሚበላ ነገር ሁሉ ተከለከለ፤ ራዲዮ፣ ክላክስ፣ መስኮት ማውረድ ሳይቀር። ከኋላ ያሉት አጃቢዎች ክላክሱን ያቀልጡታል፤ የሙሽራዋ መኪና ብቻ ትንፍሽ አይልም።

«አባዬ፣ የሚያየን ሬሳ የጫንን ይመስለዋል» አለች ሙሽሪት ላቧን እየጠረገች።

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሁሉም ወረደ። አባት መሪውን እንደጨበጠ ቀረ።

«እናንተ ግቡ። ካጠፋሁት አይነሣም። ፊርማ ምን አላት፣ አንድ ደቂቃ ናት» አለ ወደ ሌላ እያየ።

ልጁን አሳድጎ፣ አስተምሮ፣ ስትፈርም ደጅ ላይ ዘበኛ ሊሆን! ደግሞ ቢያጠፋው፣ ያ ሁሉ ዘመድ «አላልንህም?» ሊለው ነው። ለዚህ እልሁ ራሱን ረገመ፤ መሪውን ግን አልለቀቀም።

ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ከደረጃው ተመለሰች። በሩን ከፈተች።

«ስፈርም እንዲያየኝ የፈለግሁት መኪናውን ነው አንተን?»

«ካጠፋሁት እኮ ልጄ...»

እጇን ሰደድ አድርጋ ቁልፉን አዞረችው። ሞተሩ ጠፋ።

«ይገፉታላ! አራት ወንድም ያለው ሰው የማገባው ለምን መሰለህ?»

አባት መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ወረደ፤ በሩን መዝጋት እንኳ ትዝ አላለውም።

«ቀስ በይ፣ ቀሚስሽን እንዳትረግጪው» እያለ፣ እሷን ኋላ ጥሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።