የግጦሹ በር

ኤሌክትሪሺያኑ በብስክሌት ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን አይዝም ነበር። ጀግና ሆኖ አይደለም፤ ፍርሃት የሚባለው ነገር ጥሎት ሄዷል። ታናሽ ወንድሙ በአጭር ሕመም ከሞተ ወዲህ ንዴቱም ረሃቡም አብረው ሄደዋል። በቀብሩ ማግስት ሱቁን ከፍቶ ሽቦ ሲጠቀልል ዋለ። እናቱ አላስችል ቢላት አንድ ቀን፣ «እስቲ አልቅስ ልጄ፤ ለወንድምህ እንባ ትሰስታለህ?» አለችው። እሱ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።

የሰፈራቸው ዳገት ያልበቃ ይመስል፣ ሰው አገር ድረስ ሄዶ ተራራ ላይ ብስክሌት መንዳት የሟቹ ሐሳብ ነበር። ጓደኞቹን ሁሉ፣ መምህሩን፣ ልብስ ሰፊዋንና ባለልኳንዳውን፣ የጎተጎተው እሱ፣ ዳገት ላይ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚደርሰውም እሱ። ዔሊ ይሉት ነበር። እሱ ሲሞት ጉዞው ይቅር ሲባል፣ «የለም፣ እንሂድ» ያለው ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ምናልባት ድካሙ ቢያስለቅሰኝ ብሎ ነበር።

አላስለቀሰውም። አገሩ ሰው የማይታይበት ድንጋያማ ነው፤ ዳገቱ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ቁልቁለቱ ጉልበት ያብረከርካል። ሌሎቹ ማታ ማረፊያ ቤት ሲገቡ ቁስላቸውን እያሳዩ ይሳሳቃሉ፤ ወደው አይስቁ። እሱ ጫማውን ያወልቃል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ይተኛል። ክርኑ ተልጦ ሸሚዙ በደም ሲጣበቅ እንኳ የነገረው አብሮት የሚያድረው ባለልኳንዳ ነው።

ባለልኳንዳው የዔሊ የልብ ጓደኛ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ሳይቀልድ፣ «ፈሪ ለእናቱ ይባላል» አለው። «እሷ ደግሞ የቀረሃት አንተ ብቻ ነህ። ፍሬን ያዝ።»

«እሺ» አለ። አልያዘም።

የሚመራቸው ሴት በመጨረሻ ዘዴ አመጣች። ከሰዓት በኋላ የታጠረ የከብት ግጦሽ አጠገብ ሲደርሱ አስቆመችው። እዚያ አገር በሩን የከፈተ ሰው ሁሉም እስኪገባ ይዞ ይቆያል፤ ከብቱ እንዳይወጣ ዘግቶ፣ ከሁሉ ኋላ ይከተላል።

«በሩ ያንተ ነው፣ ወንድሜ» አለችው። መጨረሻ ከሆነ አይፈጥንም ብላ ነው።

ማጠፊያው የዛገ ከባድ የእንጨት በር ነበር። በትከሻው ደግፎ ያዘው። መሪዋ ገባች፣ መምህሩ ገባ፣ ልብስ ሰፊዋ ተከተለች። ባለልኳንዳው እያለከለከ፣ ብስክሌቱን እየገፋ መጨረሻ ላይ ገባ።

«ዝጋው እንግዲህ፤ ላሞቹ እየመጡ ነው።»

«ቆይ እንጂ» አለ ኤሌክትሪሺያኑ፣ የመጡበትን መንገድ እያየ። «አንድ ሰው ይቀራል።»

«ማን ይቀራል?»

«ዔሊ ነዋ።»

ያለውን የሰማው ካፉ ከወጣ በኋላ ነው። ባለልኳንዳው አልሳቀም፣ አላረመውምም። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ሁለቱም ባዶውን መንገድ አዩ። የሚመጣ ሰው የለም።

ላሞቹ ግን ደረሱ። የፊተኛዋ አንገቷን በክፍተቱ አሰገገች።

«እኔ ልዝጋው?» አለ ባለልኳንዳው ቀስ ብሎ።

«ተው። የያዝኩት እኔ ነኝ።»

በሩን ትንሽ ገፋና አቆመ። ይህ በር ሁሉም ሲገባ የሚዘጋ ነው፤ ከዘጋው ወንድሙ ውጭ ቀረ ማለት ነው። በቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ፣ አፈሩ ሲመለስ፣ ይህ ነገር አልገባውም ነበር። ላሟ ጎኑን በግንባሯ ገፋ አደረገችው። ያኔ እሷን በክንዱ መልሶ በሩን እስከ መጨረሻው ገጠመው፤ ሰንሰለቱንም አጠለቀ።

«ሞቷል እኮ» አለ፣ ባለልኳንዳው ያልሰማው ወሬ ይመስል።

«አዎ።»

«ወንድሜ ሞቷል።»

ይህን ለማንም ብሎት አያውቅም። ግንባሩን እንጨቱ ላይ ደግፎ፣ ላሞቹ ደንግጠው ወደ ኋላ እስኪሸሹ ድረስ እየጮኸ አለቀሰ።