የሁዳዴው እንቁላል

ኢሳ ዛሬም ለቅሶውን የጀመረው ከአጽብሃ ቀድሞ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ድንኳኑ በር ላይ ወዳለው አግዳሚ ዞሮ «በቃ፣ አይዞህ» አለው። አጽብሃን አይዞህ ያለው የለም። የሟቹ የሃይለአብ ታላቅ ወንድም እሱ፣ የሚባበለው ግን ሙስሊሙ ባለሱቅ ኢሳ። አጽብሃ ጥርሱን ነከሰ።

ሃይለአብን ያሳደገው ማን ሆነና? እናታቸው ስትሞት ትምህርቱን ጥሎ ለገሃር ሻንጣ የተሸከመው አጽብሃ፣ ተምሮ ቢሮ የገባው ሃይለአብ። ኩላሊቱ ታመመ ሲባልም፣ ሐኪሙ «ሥጋና እንቁላል ይቀንስ» ያለውን እንደ ንስሐ አባት ቃል የያዘው አጽብሃ ነው። ሁለቱም ሚስት አልነበራቸውም፤ ሽሮውን በገዛ እጁ እየሠራ ያበላው ነበር። በሽታው ጠንቶ ካዛንቺስ የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰሞን፣ ሃይለአብ አሁን ምግቡ መቀየር እንዳለበት ሊያስረዳው ሞከረ። ሁዳዴ ነበር። አጽብሃ አላስጨረሰውም። እሱ በሕይወት እያለ በሁዳዴ እዚህ ቤት እንቁላል እንደማይሰበር ተናግሮ በሩን ወርውሮ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ሃይለአብ ከእጥበት ሲመለስ ኢሳ ሱቅ ጎራ ማለት አመጣ። አንድ ቀን አጽብሃ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ በሱቁ መጋረጃ ሥር የወንድሙን ጫማ አየ፤ ሲሳሳቁም ሰማ። ማታ ሃይለአብ ከሽሮው ትንሽ ነካ አድርጎ ጠገብኩ ሲል፣ «የሰው ቤት ምግብ ያጠግባል መቼም» አለው።

እኩለ ቀን ላይ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ወጣት ድንኳኑ ውስጥ ገባች። አርያም ትባላለች፤ ሃይለአብ ይታጠብበት የነበረው ክሊኒክ ነርስ ናት። አጽብሃ ሊነሳላት ሲል እሷ በሩ ላይ ያለቅስ የነበረውን ኢሳን አቀፈችው።

«ወንድሙ አንተ ነህ አይደል? እንቁላል የምትቀቅልለት?»

ኢሳ ደንግጦ ወደ አጽብሃ አመለከታት። «ወንድሙ እሳቸው ናቸው።»

እያፈረች መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። አጽብሃ የምን እንቁላል እንደሆነ ጠየቃት። ከእጥበት በፊት ፕሮቲን የሚቀነሰው ኩላሊቱ እንዳይደክም ነው አለችው። እጥበት ከተጀመረ በኋላ ግን ማሽኑ ቆሻሻውን ሲያወጣ ፕሮቲኑንም ስለሚወስድ መተካት አለበት፤ አለበለዚያ ሰውነት ይሟሽሻል። የንስሐ አባቱም ነገሩን ሰምተው ፈቅደውለት ነበር።

«ማለቴ… እርስዎ አያውቁም ነበር?»

ነርሷ ታውቃለች፣ ቄሱ ያውቃሉ፣ ባለሱቁ ያውቃል። ከሰው ሁሉ እሱ ብቻ ቀረ። ልጅቷ ስትወጣ ኢሳን በዓይኑ ጠራው።

«ሰው ጠፍቶ ነው አንተ ቤት?»

ኢሳ ፊቱ ቆሞ አቀረቀረ። «ሥጋማ እኔ ቤት አይበላም፣ ጋሽ አጽብሃ። እንቁላል ግን ቢላ አይነካውም፤ የናንተ የኛ የለውም ይል ነበር ሃይለአብ። ነጩን ይበላል፣ አስኳሉን ለኔ ይተዋል። እርስዎ ጾም ፈታ ብለው እንዳያዝኑ ብሎ አስምሎኛል። ከዚያ፣ ሽሮውን ካልቀመስኩለት ይከፋዋል ብሎ ይነሳል።»

አጽብሃን የቆረቆረው ግን ሌላ ነው። «ስትበሉ ምን ትጨዋወቱ ነበር?»

«በቃ፣ እርስዎን ነዋ የምናማው። ጨው ቀንስ ስለው እንደ ሙሽራ ያኮርፋል ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ሲያኮርፉ እንዴት እንደሚሆኑ ያሳየኛል።»

«እንዴት ነው የምሆነው?»

ኢሳ ግራ ቀኙን አየ፣ አፈረ። ከዚያ የታች ከንፈሩን ጣል፣ አንድ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ተመለከተ። አጽብሃ በዚያ ፊት ላይ ያየው ራሱን አይደለም። ያ ቅንድብ የሃይለአብ ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው ሲያስመስል አንዱ ብቻ ነው የሚነሳው።

«እስቲ ድገመው» አለና፣ የቅርብ ዘመድ ከሚቀመጥበት ፍራሽ ላይ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።