አራት እግር ጌሾ ስለ አንድ ቃል

በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሲጠባ፣ ከብቸና ዳር ባለው የሀብትነሽ ጓሮ ስምንት እግር ጌሾ ነበር። ጠላ ጠምቃ የምታድረው በዚያ ነው። ከአጥሩ ማዶ ይርጋነሽ ትኖራለች፤ ስለ ዶሮ፣ ስለ ውሻ ጩኸት፣ አንዴም ስለ ዛፍ ጥላ ጎረቤቱን ሁሉ ከሳ የጨረሰች ሴት። የገበሬ ማኅበሩ ፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ ሲባል እልል ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

ይርጋነሽ ቆላ ወርዳ የያዛት ወባ ጥሏት ከርሞ በተነሣች ሰሞን ሁለቱ ምንጭ ላይ ተገናኙ። ሀብትነሽ የቀጠነ አንገቷን አይታ፣ «ውይ፣ ከሳሽ!» አለች። ከልቧ ነበር ያዘነችው። ውኃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ግን ሌላውን ትርጉም ሰምተው በሳቅ ፈነዱ። ሀብትነሽም ሳቋን አልዋጠችም።

በማግስቱ በስድብ ተከሰሰች። የተጠየቀባት ካሳ አራት እግር ጌሾ ነው።

የሸንጎው ሊቀ መንበር ስሙ ባዘዘው ነው፤ ሞጣ ሄዶ ኮርስ ወስዶ ከመጣ ወዲህ እንደ ሰው ማውራት ትቷል። ከዚያ ያመጣቸው «አንቀጽ» እና «ውንጀላ» ጭነት እንዳልለመደ አህያ ጀርባውን ልጠውታል። ሀብትነሽ ግን ባየችው ቁጥር ትዝ የሚላት ሰክሮ ከመደቧ ሥር የተዘረረበት ቀን ነው።

ዋርካው ሥር ችሎት ተሰየመ።

«ከሳሽ፣ ቅረቢ!» አለ ባዘዘው።

«ይኸው፣ ጓድ ሊቀ መንበርም ሰደቧት» አለች ሀብትነሽ።

ሕዝቡ አውካካ። ባዘዘው ጠረጴዛውን መታ። «ዝም በይ! አንቺ ተከሳሽ ነሽ!»

«እኔማ መች ከሳሁ፣ ጌታው።»

ጸሐፊው ወልደ ኪዳን ቅኔ ቤት የከረመ ነውና ቃሉን እንዲፈታ ታዘዘ። ከመዝገቡ ቀና ሳይል፣ «ሰሙ መክሳት፣ ወርቁ መክሰስ» አለ።

«ወርቅ ካለበትማ አራት እግርም ያንሳል!» አለ ባዘዘው፤ በገዛ ቀልዱ ብቻውን ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን አለዘበ። «እታለም፣ መክሳቷን ነው ያልኩት ብለሽ ይቅርታ ጠይቂ። ጌሾሽ አይነካም።»

እውነቱም ያው ነበር፤ ማለት ብቻ ነው የቀራት። ሀብትነሽ ወደ ይርጋነሽ ዞር አለች። ይርጋነሽ ፍርዱን ሳትሰማ ዶማዋን ይዛ መጥታለች።

«ምንጭ ላይ መክሳቷን ነበር ያልኩት» አለች ሀብትነሽ። «ዛሬ ዶማዋን ሳይ ግን ሌላውን ብያለሁ። ይቅርታ ከጠየቅሁም፣ ያን ቀን ለእሷ በማዘኔ ብቻ ነው።»

ሸንጎው ሳይመክር ፈረደባት።

ይርጋነሽ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥሩን እየበጠሰች፣ አራቱን ነቅላ በራሷ ጓሮ ተከለች። ሀብትነሽ ከአጥሩ ወዲህ ቆማ አየች፤ ውኃ አጠጪው አላለቻትም።

ታኅሣሥ ሲገባ፣ ከአራቱ የጸደቀው አንድ ብቻ ነበር።