እደርስብሻለሁ

«ኧረ ልጄ! ቀሚሱ ውስጥ አለቅሽ እኮ!»

ካዩዋት የቆዩት የድሮ ጎረቤቷ እትዬ ወለተጻድቅ የውዳሴን ክንድ ጨበጥ አድርገው ያዙ። ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ የሚቆረጥሙት ለቀስተኞች ዞረው አዩ። ጥቁሩ ቀሚስ እናቷ ስትሞት የተሰፋ ነው፤ አሁን ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ተሰብስቦ ነው የቆመላት።

«ሀዘን በሁለት ቀን እንዲህ ሰው ይጨርሳል?» አሉ እትዬ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እህት ማለት አንቺ ነሽ። ብርቅዬስ ታድላ፣ እጅሽ ላይ አረፈች።»

ውዳሴ አቀረቀረች። ያከሳት ሀዘን አይደለም። ስኳርና ዘይት ቀንሳ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሯ እየሄደች፣ ወራት ለፍታበት ያመጣችው ክሳት ነው። «አይደለም» ማለት አቃታት። ይባስ ብሎ ሙገሳው ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጣት እስክትመኝ አሳፈራት።

የእግር ጉዞው የታላቅ እህቷ የብርቅዬ ሐሳብ ነበር። ሐኪም «ክብደት ቀንሺ፣ ግፊትሽ አላማረኝም» ሲላት ነጭ ስኒከር ገዝታ መጣች።

«ብቻዬን አፍራለሁ ውዴ። የታክሲ ረዳቶቹ ‹የሁለት ሰው ክፈይ› እያሉ ይስቁብኛል። አብረሽኝ ውጪ።»

ከ18 ማዞሪያ እየተነሱ ቀራንዮ መድኃኔዓለምን ተሳልመው ይመለሱ ጀመር። ለማጀብ የወጣችው ውዳሴ ቶሎ ክብደት ቀነሰች፤ መስታወት ፊት መቆም ወደደች። ብርቅዬ ግን ላቧን እየጠረገች ከኋላ ትቀራለች።

«አንቺ የጣልሽውን ስጋ እኔ ከኋላ እየለቀምኩ ነው መሰለኝ!» እያለች በራሷ ትስቃለች።

ባረፈችበት ዕለት ጠዋት ብርቅዬ ዳገቱ ላይ ደረቷን ይዛ አንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት ያለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«ትንሽ ልረፍ ውዴ።»

«ሰበብ አታብዢ! እንዲህ ሆነሽ ነው የምትከሺው?»

ብርቅዬ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እሺ ሂጂ፣ እደርስብሻለሁ።»

ውዳሴ ሄደች። ተሳልማ ስትመለስ ሰዎች ድንጋዩን ከበውታል። ትንፋሿ የተቋረጠውን እህቷን አቅፋ ስትጮህ ያዩ ናቸው «እጇ ላይ አረፈች» ብለው ያወሩት። እሷም አላረመቻቸውም።

በሠልስቱ ጠዋት ለቀስተኛው በዚያው መንገድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣ። የውዳሴ እግር ለምዶበት ከፊት ሆነ። ዳገቱ ላይ ከኋላዋ የሚቆራረጥ ትንፋሽ ሰምታ ዞረች። እትዬ ወለተጻድቅ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ሂጂ ልጄ፣ እደርስብሻለሁ» አሏት።

ውዳሴ ሰዉን እየገፋች ወደ ታች ተመለሰች።

«እትዬ፣ እጄ ላይ አይደለም ያረፈችው። እዚህ ጥያት ሄጄ ነው። ክሳቴም የሀዘን አይደለም።»

እትዬ ትክ ብለው አዩዋት። ለቀስተኛው እያለፋቸው ሄደ፤ ከላይ ደወል ተሰማ።

«ቅዳሴው ያመልጥሻል፣ ሂጂ» አሉ በመጨረሻ።

«እጠብቃለሁ።»

ከድንጋዩ አጠገብ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። የእትዬ ትንፋሽ ተመልሶ፣ ራሳቸው «እንነሳ» እስኪሉ ድረስም አልተነሳችም።