አንቺ ያሏት ቀን

ዶክተር ዘውድነሽ አሰብ የገባችው የነዳጅ ማጣሪያው ሥራ ባቆመበት ዓመት፣ በ1989 ማብቂያ ላይ ነው። ካምፖ ሱዳን የሚባለው ሰፈር ከታክሲ ወርዳ ያደገችበትን ቤት በር ስታንኳኳ አባቷ ራሳቸው ከፈቱላት። ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል፤ ጢማቸው ተላጭቷል። እሰይ፣ ሕመማቸው የተወራውን ያህል አይደለም አለች በልቧ። አቶ ወልደየሱስ ግን ከእግር እስከ ራሷ አይተዋት በትሕትና ጎንበስ አሉና፣

«ይግቡ፣ ፀሐይ ላይ አይቁሙ። ማንን ፈልገው ነው?» አሏት።

አማርኛ የሚጨክንበት ጊዜ አለ። አባት ልጁን «እርስዎ» ካላት ሌላ ምርመራ ምን ያደርጋል? እኚህ ሰው ሲቆጧትም ሲመርቋትም «አንቺ» ነበር የሚሏት። እሷ ደግሞ እናቷ እንዳስተማረቻት ከልጅነቷ ጀምሮ «እርስዎ» ነው የምትላቸው። እናም አባትና ልጅ እንደ ጉምሩክ ጸሐፊና እንደ ባለጉዳይ እርስዎ እየተባባሉ ሳሎን ቁጭ አሉ። ዘውድነሽ ዓይኗን ጠረገች፤ እሳቸው ግን «ሙቀቱ ነው፣ ለአዲስ ሰው ይከብዳል» ብለው ማራገቢያውን ወደ እሷ አዞሩላት።

የሚያሳዝነው ነገር፣ ዘውድነሽ ዕድሜዋን የፈጀችው በዚሁ በመርሳት በሽታ ላይ ነው። አዲስ አበባ ባለው ቤተ ሙከራዋ የአይጥ አንጎል እየሰነጠቀች በማይክሮስኮፕ ታያለች። አንጎል የራሱ ዘበኞች አሉት። ሥራቸው የሞተውን መጥረግና የገባውን ጠላት መያዝ ነው። እርጅና ሲመጣ ግን አንዳንዴ ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፤ ቁስል በሌለበት ያብጣሉ፤ የሞተውንና በሕይወት ያለውን ሳይለዩ ይበላሉ። ሐኪሞች ብግነት ይሉታል። በውጭ አገር፣ ለብዙ ዓመት የቁርጥማት መድኃኒት ሲወስዱ የኖሩ ሽማግሌዎችን የመርሳት በሽታ እምብዛም እንደማይዛቸው የጻፉ ነበሩ። መድኃኒቱ ጉልበትን ሲያበርድ እግረ መንገዱን አንጎልንም ያበርድ ይሆን? ዘውድነሽ ያሰበችው ይህንኑ ነው። አይጦቿ ላይ ሞክራው ነበር፤ ከዘበኞቹ የገሚሱ እብጠት ጎደለ። መድኃኒቱን በሻንጣዋ ይዛ ነው አሰብ የመጣችው።

መጀመሪያ ግን አዲስ አበባ ልትወስዳቸው ለመነቻቸው።

«ሰው ጥዬ?» አሉ አቶ ወልደየሱስ ተገርመው። «እንዴት ብዬ?»

ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው የለም። እናቷ ወይዘሮ ጥላነሽ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፤ የተቀበረችውም እዚያው አሰብ ነው። ምግብ የምታበስልላቸው የእናቷ ወዳጅ፣ ጎረቤታቸው ሳምራ ናት። የአፋር ሴት ናት፤ ቀልድ ታውቃለች፣ ፍርሃት አታውቅም። በቀትር ግን የዚያን ቤት ደጃፍ አልፋ አትገባም፤ ውጭ ጥላ ሥር ትቀመጣለች።

«እትዬ ሳምራ፣ ለምን ውጭ ትቀመጫለሽ?» ብላ ዘውድነሽ ጠየቀቻት።

«ቀትር ላይ ያወራሉ» አለች ሳምራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወላሂ፣ መልስ እንደሚመለስለት ሰው ነው የሚያወሩት። ቢስሚላህ!»

ዘውድነሽ ሳቀች። እንዲህ ያለው ነገር የበሽታው ጠባይ እንደሆነ ልታስረዳት ሞከረች፤ ሳምራም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማቻት። ከጥላው ግን አልተነሳችም።

በማግስቱ ዘውድነሽ የከተማው ሆስፒታል ሐኪም ወደሆነው የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ወደ ክንፈ ሄደች። ክንፈ ነገሩን ሰምቶ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄ መድኃኒት ሆድ ይበሳል እኮ፣ ዘውዴ። በዚህ ዕድሜያቸው?»

«ሆዴን ካሉ በዚያው ቀን አቆማለሁ።»

«የገዛ አባትሽ ናቸው።»

«ለዚያ አይደል እንዴ!» አለችው ተቆጥታ።

መድኃኒቱን ማስዋጥም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። አቶ ወልደየሱስ ከማያውቁት ሰው እጅ አልቀበልም አሉ። ሳምራ ለመነቻቸው፤ እምቢ። በመጨረሻ ዘውድነሽ የባጡን የቆጡን ስትቀባጥር፣ «ይህን እኮ ልጅዎ ዘውድነሽ ናት የላከችልዎት» አለች። ፊታቸው በራ። «ዘውድነሽ? እስቲ ያምጡት!» ብለው ያለ ውሃ ዋጡት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ይህንኑ እያለች ትሰጣቸዋለች፤ እሳቸውም ሁሉን ሲረሱ ይህችን አልረሱም።

ሳምንታት አለፉ። ዘውድነሽ በየቀኑ ትጠይቃለች፤ ዛሬ ቀኑ ምንድነው፣ ያለነው የት ነው፣ ቅድም ያልኩዎትን ቃላት ይንገሩኝ። መልሱ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። የማጣሪያው ሠራተኞች ዕቃቸውን እየጫኑ ወደ አገራቸው ሲሄዱ እሳቸው፣ ከማጣሪያው ጡረታ ከወጡ ስንት ዓመታቸው፣ ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ከትተው ለፈረቃ ይዘጋጃሉ። በባሕሩ ነፋስ ደጃፉ አሸዋ ሲለብስ ትጠርጋለች፣ ይለብሳል፣ ትጠርጋለች። ተስፋዋ እየተሟጠጠ ሄደ።

አንድ ቀን በቀትር ጓዳ ሆና ሳህን ስታጥብ ከመኝታ ቤት ድምፅ መጣ።

«አንቺ! አሸዋው እኮ ገባ። መስኮቱን ዝጊው እንጂ!»

ዘውድነሽ ክው አለች። ሳህኑን ጥላ ሮጠች። መስኮቱን ዘጋችና ግንባሯን መዝጊያው ላይ አስደግፋ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አንቺ ብለዋታል! ያ ሁሉ ዓመት በማይክሮስኮፕ ያየችው፣ ባልደረቦቿ የተጠራጠሩት፣ ክንፈ የፈራው ነገር ሠራ። በየቀኑ የምትጠይቃቸው ጥያቄዎች ቅንጣት ለውጥ እንዳላሳዩ ታውቃለች። ሌላ ተመራማሪ ከአንዲት ቃል ተነስቶ ይህን ቢደመድም ዘውድነሽ ራሷ መሳቂያ ታደርገው ነበር። እኚህ ግን የሌላ ሰው አባት አልነበሩም። በማግስቱ መጠኑን ጨመረችው።

ከዚያም «አንቺ» በዛ። «አንቺ፣ ደከመሽ አይደል?» ይላሉ ከመኝታ ቤት። «ነይ ቁጭ በይ።» እየሮጠች ትሄዳለች፤ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እሳቸው ግን ዝም ይላሉ። ፊት ለፊት ሲያዩዋት አሁንም «እርስዎ» ናት። ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው ብላ ራሷን አጽናናች። ደስታ ያላወረው ማን አለ? እህል እየተዉ መምጣታቸውን እንኳ በሙቀቱ አሳበበች።

አንድ ቀን ዓሣ ልትገዛ ወጥታ በቀትር ተመለሰች። ሳምራ እንደ ልማዷ ከውጭ ጥላው ሥር ናት። ዘውድነሽ ጫማዋን አውልቃ ስትገባ አባቷ ሲያወሩ ሰማች፤ ልትጠራቸው አፏን ከፍታ ተወችው።

«አንቺ፣ ያቺ እንግዳ ሴት እኮ አልሄደችም» ይላሉ በለሆሳስ። «ጥሩ ሰው ትመስላለች። መስኮቱን ዝጊ ስልሽ አንቺን ቀድማ የምትዘጋው እሷ ናት። ብቻ ለምን እንደምታለቅስ አላውቅም።»

ዝም አሉ። ዝምታው ሰው የሚናገርበትን ያህል ረዘመ። ከዚያ በስተግድግዳ ወዳለው ባዶ የአልጋ ጠርዝ ዘንበል ብለው ሳቁ፤ በደንብ፣ እንደ ጎልማሳ።

«እውነትሽን ነው፣ ጥላነሽ። ዘውድነሽ ስትመጣ እንጠይቃታለን።»

ዘውድነሽ የመኝታ ቤቱ በር ላይ ቀረች። ለካ ያቺ «አንቺ» አንድም ቀን የእሷ አልነበረችም። በእናቷ ስም ስትሮጥ፣ በእናቷ ቦታ ስትቀመጥ ከርማለች። ሞታ የተቀበረችው በዚህ ቤት ሰው ናት፤ በእግሯ የቆመችው ዘውድነሽ ግን እንግዳ። ሳይንሷን ሁሉ ይዛ እዚያ በር ላይ ፈራች። እናቷን ፈራቻት። ወጥታም ከሳምራ አጠገብ ጥላው ሥር ተቀመጠች፤ ሳምራም ጠጋ ብላ ቦታ ሰጠቻት።

መድኃኒቱን ልታቆም ቆረጠች። ጠዋት ግን አቶ ወልደየሱስ እጃቸውን ዘርግተው ጠበቋት።

«የልጄ መድኃኒት የታለ? ዛሬ አልላከችም እንዴ?»

በእሳቸው ዘንድ የቀረላት ስም ይኸው ብቻ ነው። እንዴት ብላ ትንፈጋቸው? ለዛሬ ብቻ ብላ ሰጠቻቸው።

ከቀትር በኋላ ማጠቢያው ላይ ተደፍተው ጥቁር ደም አስመለሱ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ክንፈ ደም እንዲሰጣቸው አደረገ፤ ከዚያ በላይ በዚያ ሆስፒታል ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አልነበረም። «ጨጓራቸው ከቆሰለ ሰንብቷል» አላት ኮሪደሩ ላይ፣ ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት እያየ። «ይህ ሕመም ዝም ብለው የሚችሉት አይደለም። እንዴት አልተናገሩም?»

ዘውድነሽ ኮሪደሩ ላይ ከተሰቀሉት ነጭ ጋውኖች አንዱን አነሳች። ለብሳው ገባችና አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች። እሳቸው ነቅተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ጋውኑን አዩና እጃቸውን በጭንቅ አነሱ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ?»

«ይንገሩኝ።»

«ልጅ አለችኝ። እንደ እርስዎ ሐኪም ናት። መድኃኒት ስትልክልኝ ከረመች።» ትንፋሽ ወሰዱ። «መዋጥ ከጀመርኩ ወዲህ ሆዴን እንደ እሳት ይለበልበኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። ልጄ ያን ያህል አስባልኝ የላከችውን እንዴት አመመኝ ብዬ ልመልስ?»

ዘውድነሽ አንሶላውን ወደ ደረታቸው ሳበችላቸው።

«ስትመጣ፣ አባትሽን የጎዳው ያንቺ መድኃኒት ነው ብለው እንዳይነግሯት። ሆደ ቡቡ ናት። አትችለውም።»

«አልነግራትም።»

«እስቲ ማን ይሙት ይበሉ።»

በአሰብም በአዲስ አበባም፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትምለው መሐላ አንድ ነው፤ ሌላ አፏ አያውቅም። አሮጌ እጃቸው ጋውኗን ጨብጦ ይጠብቃል።

«አባቴ ይሙት፣ አልነግራትም» አለች።

አቶ ወልደየሱስ እፎይ አሉ። ጋውኗን ለቀቁና ዓይናቸውን ከደኑ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሏት። «አባትዎን ያቆይልዎ።»