ከሽፋኑ ጀርባ የተገኘ ቁጥር

ስልኩ የመስታወት ባንኮው ላይ ተንጋሎ ያንኑ ይጠይቃል፤ የቀድሞ ባለቤቱን የኢሜይል አድራሻና የይለፍ ቃል።

«ማን ደምስሺው አለሽ፣ ማዘር?» አለ ሻጩ፣ ዓይኑን ከራሱ ስልክ ሳያነሳ። «ትናንት ስሰጥሽ ይሠራ ነበር።»

እውነቱን ነው። የደመሰሰችው ልብስ ሰፊዋ ራሷ ናት። ልጇ ነገ ማለዳ ሥራ ወዳገኘችበት ሩቅ ከተማ ትሄዳለች፤ ስልኩ ለልጅቷ የተገዛው እናት በየምሽቱ ፊቷን አይታ እንድትተኛ ነው። ግን ከማን እጅ እንደመጣ በማይታወቅ ዕቃ ሰው ልጇን ቢከታተልስ? ይህን ስታብሰለስል አደረች። ሲነጋ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጠፋች፤ ሽፋኑንም አውልቃ በሳሙና አጠበች። ስልኩ ግን ሲበራ እንደማያውቃት ዘበኛ በር ላይ አቆማት።

«ግድ የለም» አለ ሻጩ። «ቁልፉን የሚሰብርልኝ ልጅ አለ። ለአንቺ ስል በነፃ። ከሰዓት ነይና ውሰጂ።»

ከእናቷ ጎን የቆመችው ልጅቷ እፎይ አለች። እናት ግን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ሽፋኑን ስታወልቅ ከጀርባው የወደቀ ነው። «ከጠፋ ለእናቷ ይደወል» ይላል፣ እርሳሱን ተጭኖ በጻፈ እጅ፤ ከሥሩ ቁጥር አለ።

«ይሄን አይተኸዋል?»

ሻጩ አሁን ቀና አለ። «ወረቀት ነው። ጣይው።»

«እማዬ፣ በቃ እንሂድ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «ሰው እያየን ነው።»

«ይይ። ዓይን የተሰጠው ለዚያ ነው።»

ዕድሜዋን ሙሉ ባንኮ ካለበት ቦታ ሁሉ አንገቷን ደፍታ ነው የወጣችው። ግን ትናንት ማታ እሷም በልጇ ኮት ገበር ውስጥ፣ ልጅቷ ሳታውቅ፣ የስልክ ቁጥሯን በክር ሰፍታለች። የራሷን ዓይነት ሰው እንዴት አድርጋ ትጣል?

ከቦርሳዋ የራሷን ስንጥቅ ስልክ አወጣች።

«ማዘር፣ ነገር አታብዢ። ብትደውዪ ስልኩንም ታጪዋለሽ፣ ከእኔም የሚመለስልሽ ገንዘብ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች፤ ደወለች።

በቅጡ ሳይጠራ ተነሳ። «አቤት» አለች አንዲት ሴት። ክፉ ወሬ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነው፤ ልብስ ሰፊዋ ያንን ድምፅ ከራሷ ጉሮሮ ታውቀዋለች።

«አይዞሽ፣ ክፉ ወሬ አይደለም» አለች አስቀድማ። «የልጅሽ ስልክ ጠፍቶ ነበር?»

«ነጥቀዋት ነው እንጂ፤ ጥለዋት ነው የነጠቋት። አገኛችሁት?»

«አዎ። ነይ ውሰጂው።» ሱቁ ያለበትን መንገድ ነገረቻት።

ሻጩ እጁን ሲሰድ እሷ ቀድማ ስልኩን ከባንኮው አንስታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። «ልዘጋ ነው፣ ውጡልኝ» አለና የብረቱን መዝጊያ ወደ ታች መሳብ ጀመረ። እሷ የደንበኛ መቀመጫውን በርጩማ ጎትታ ደፉ ላይ፣ ልክ ከመዝጊያው ሥር አስቀመጠችና ተቀመጠችበት። ብረቱ ከራሷ በላይ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

«ዝጋዋ» አለች።

ልጅቷ በኀፍረት እጇን ኮቷ ውስጥ ሸሸገች። ጣቷ ገበሩ ላይ ሻካራ ስፌት ነካ፤ ዱካውን እየተከተለች ቁጥሩን እስከ መጨረሻው በዳበሳ አነበበችው። ጎንበስ ብላ በመዝጊያው ሥር ወጣችና ከእናቷ ጎን ደፉ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለቱም ሴትዮዋ የምትመጣበትን መንገድ ያዩ ጀመር።